ፈይሳን የገደሉት ባለሱቅ

አቶ ወልጋ ሀብቴ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ የነቀምቴ ልጅ መሆኗን ከአነጋገሯ አውቄ "አገሩ እንዴት ነው?" ብላት፣ "ደህና ነው፤ ያ ፈይሳን የገደለው ባለሱቅ ብቻ ባለፈው ሰሞን ሞተ" አለችኝ። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየን። "ማንን ነው የገደለው?" አለ። እንባዬ መጥቶ ሳለ ሳቅ ቀደመኝ። ሴትዮዋም ሳቀች። ሰውዬው ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ለሁለታችንም አጥንት የሌለበት ጥሩ ሥጋ ቆረጠልን።

አቶ ወልጋ እንኳን ሰው ዝንብ መግደል የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ስኳሩ ላይ ያረፈችውን ንብ በወረቀት ጫፍ አንሥተው እስከ በር ይሸኟት ነበር። ገደሉት የተባለውም ሰው የመጽሐፍ ሰው ነው። እኛ ነቀምቴዎች ግን ነገሩን እንዲህ ቀለል አድርገን አላየነውም፤ ሽማግሌ ሳይቀር ተቀምጦበታል። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስለነበርኩበት፣ ለማያውቀው ልናገር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ያኔ ከአውራጃው ቢሮዎች በአንዱ ታይፕ እመታ ነበር። አባቴ ከሸዋ በሥራ ተዛውረው መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እኔ ግን ነቀምቴ ተወልጄ፣ በኦሮምኛ ተጣልቼ በኦሮምኛ ታርቄ ነው ያደግሁት። ከቢሯችን ፊት ለፊት፣ ከገበያው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአቶ ወልጋ ሱቅ ነበረች። ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ ምስማር፣ ሻማ፣ ሰርዲን ይሸጡባታል። ገና ጎረምሳ ሳሉ ከጉራጌ አገር በእግራቸው መጥተው የከፈቷት ናት። "አባቴ ስሜን ወልጋ ሲል የት እንደምገባ ሳያውቅ አልቀረም፤ አንዲት ፊደል ብቻ ናት የሳተው" ይሉ ነበር። አጠር ብለው ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ሲስቁ መጀመሪያ ትከሻቸው የሚስቅ ሰው ነበሩ።

ደራሲ የሆኑት በስኳር ምክንያት ነው። ለዕቃ መጠቅለያ አሮጌ ጋዜጣ ይገዛሉ፤ ፊደልም የለዩት ከዚያው ላይ ነው። ታዲያ አንድ ታሪክ ጀምረው ልባቸው ሲንጠለጠል ደንበኛ ይመጣና የታሪኩ ግማሽ ስኳር ተጠቅልሎበት ይሄዳል።

"ምን ላድርግ?" አሉኝ አንድ ቀን። "ሰው ቤት ሄጄ ስኳራችሁን አራግፉልኝ አልል! ቀሪውን ራሴ መጨረስ ለመድኩ።"

ቀስ በቀስ መጀመሪያውንም ራሳቸው መጻፍ ያዙ። በቡናማው የስኳር ወረቀት ላይ፣ በአናጺ እርሳስ።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ገበያተኛው ጥላ ፍለጋ ወደ ሱቋ ይጠጋል። አቶ ወልጋ ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ያነባሉ። አንድ አንቀጽ በአማርኛ ያነቡና ቀና ብለው በኦሮምኛ ያወሩታል። የኦሮምኛው ሁልጊዜ ይረዝማል። አማርኛው "ወንዙን ዘለለ" ካለ፣ በኦሮምኛው የወንዙ ስፋት፣ የድንጋዩ ማዳለጥ፣ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ የተቀመጠው ጉሬዛ ሳይቀር ይመጣል። "ይሄንን ለምን አይጽፉትም?" ብላቸው፣ "ወረቀቱ ላይ የሰው ፊት የለማ! ማንን አይቼ ላራዝም?" አሉኝ።

ከዚያ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ ሲንጠለጠል ጸጥ ይሉና ወረቀቱን አጥፈው ሚዛኑን መወልወል ይጀምራሉ።

"ኦቦ ወልጋ፣ ወደቀ ወይስ አልወደቀም?"

"የፈለጉት ጨው ነው ላምባ?"

"እኔ የጠየቅሁት ስለ ሰውየው ነው እኮ!"

"እሱ እስከ ነገ አይደክመውም፤ ጠንካራ ነው።"

የጀግናው ስም ፈይሳ ነው። ግራኝ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ከምድር በላይ የሚፈራው ነገር የሌለ ሰው። የቡና ኮንትሮባንዲስት ያሳድዳል፣ የወርቅ ሌባ ይይዛል፣ ከጋምቤላ መርከብ ላይ ባሮ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ደራሲው ግን ሽጉጥ ይዘው አያውቁም። መኪና ላይ ያዞራቸው ስለነበር ለእኛ ቅርባችን የሆነውን የዲዴሳን ወንዝ እንኳ አላዩትም። ስለ መሣሪያ የሚጠይቁት የፖሊሱን አምሳ አለቃ ነው። ጥይት የተመታ ሰው አወዳደቁ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ደንበኛውን ሁሉ ተራ በተራ ሱቋ ወለል ላይ ጥለውታል። ከሁሉ አወዳደቅ የተዋጣለት የመዘምራኑ መሪ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ላይ አንጋጦ ነበር የሚወድቀው። ሦስት ሰላዮች በእሱ አወዳደቅ ሞተዋል።

የባዕድ አገር ሰዎችን ስም ከዕቃ ላይ ነበር የሚለቅሙት። የፈረንጁን ፊደል የማነብላቸው እኔ ነኝ። በሁለተኛው መጽሐፍ አገር ያስጨነቀው ካዝና ሰባሪ "ሲኞር አፕሪሬ" ይባላል። ጣልያንኛ የሚያውቅ አንድ መካኒክ ይህን ስም ሲሰማ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ስሙን ያገኘነው ሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ነበርና ትርጉሙ "መክፈት" ማለት ኖሯል። እኔ አፈርኩ። አቶ ወልጋ ግን ትንሽ አሰቡና፣ "ታዲያ ካዝና ሰባሪ አይደል? ሥራው መክፈት ነው!" አሉት።

መታተም የመጣው ባልታሰበ ሰው ነው። የአንድ ማተሚያ ቤት ባለቤት ከአዲስ አበባ ለለቅሶ ነቀምቴ መጥቶ ሻማ ሊገዛ ሲገባ ንባቡ ላይ ደረሰ። ሻማውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አውቶቡሱ አመለጠው። በማግስቱ ቡናማውን ወረቀት በሙሉ "በታይፕ ይገልበጥና ይላክልኝ" ብሎ ሄደ። ታይፕ ያለው ደግሞ ፊት ለፊት ነው። እኔም በምሳ ሰዓት ቢሮ እየቀረሁ መገልበጥ ጀመርኩ።

ሰውዬው ትንሽ ቆይቶ ጻፈ፤ "መጽሐፉ ሸጋ ነው። የጀግናውን ስም ብቻ ፋሲል ብንለው ለገበያው ይመቻል" ይላል። አቶ ወልጋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና "ፋሲልን አላውቀውም" አሉ።

"ፈይሳንስ ያውቁታል?" አልኩ እየሳቅሁ።

"አዎ። አንቺም እናቱን ታውቂያቸዋለሽ።"

እናቱ አዴ ዲንቂቱ ነበሩ፤ አዴ ማለት እንደ እማማ ነው። በየገበያው ቀን ከጉቴ ቅቤ ይዘው የሚመጡ ባልቴት ናቸው። ቅቤያቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ሱቅ ውስጥ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። አማርኛ ስለማያውቁ አንቀጹ እስኪያልቅ መሬት መሬት እያዩ ይጠብቁና ኦሮምኛው ሲጀመር ፊታቸው ይበራል። አንድ ልጃቸው ቡና በጫነ መኪና ተሳፍሮ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ዓመታት አልፈው ነበር። አቶ ወልጋ ደብዳቤ ይጽፉላቸዋል፤ አድራሻ ስለሌለው "ለፈይሳ፣ አዲስ አበባ"፣ ኋላም "ለፈይሳ፣ ድሬዳዋ" እያሉ። ሁሉም ይመለሳል።

"ደብዳቤ አድራሻ ሲያጣ ይመለሳል" አሉኝ። "መጽሐፍ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ስሙን፣ ጠባሳውንና ግራኝነቱን ከእናቱ ለምኜ ወሰድኩ። እንግዲህ አንድ ቀን እጁ ይገባ ይሆናል።"

ማተሚያ ቤቱም ስሙን ሳይነካ አተመው። "የዲዴሳ አዞ" ይባላል የመጀመሪያው። የአውቶቡስ ረዳቶች ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ ኑኑ ቁምባ አዳረሱት። "ሁለት ሽጉጥና አንድ ኮት" ሲወጣ ደግሞ አስመራ ድረስ ተነበበ አሉ። አዲስ አበባ ሰው ተሰልፎ የሚገዛው ደራሲ እኛ ዘንድ ምስማር ይመዝን ነበር።

በሦስተኛው መጽሐፍ ጊዜ እኔ ጉድ ሠራሁ። ስለ መንገድ ጥገና ለበላይ ቢሮ የሚሄድ ሪፖርት ውስጥ የመጽሐፉ አንድ ገጽ ተቀላቅሎ ተላከ። ገጹ ላይ ፈይሳ ድልድይ ሥር ፈንጂ ሲቀብር ነው። መልሱ ሲመጣ "ፈይሳ የተባለው ግለሰብ በአስቸኳይ ተይዞ እንዲቀርብ፣ ድልድዩ ላይ የደረሰውም ጉዳት ተጣርቶ እንዲገለጽ" ይላል። አለቃዬ ጥርሱ የማይታይ ሰው ነው። ከሥራ እንደምባረር አልተጠራጠርኩም፤ እያለቀስኩ ለአቶ ወልጋ ነገርኳቸው። ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው፣ ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ደርበው መጡ።

"ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷን ለምኜ ያስገለበጥኋት እኔ ነኝ" አሉ።

አለቃዬ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። መሳቢያውን ከፍቶ የገጹን ግልባጭ አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገና ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ድልድዩ ፈረሰ ወይስ አልፈረሰም?" አለ።

አቶ ወልጋ በትከሻቸው መሳቅ ጀመሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወሩለት እኔ ውጭ ቆሜ ነበር። ከዚያ መልስ እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ "ግለሰቡ በአውራጃው ክልል ውስጥ አለመኖሩ ተረጋግጧል፤ ድልድዩም ደህና ነው።"

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዝና የበላው ፈይሳ ነው። ሰው ሱቋ በር ላይ ሲደርስ "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ወልጋ" ማለቱን ትቶ "ፈይሳ እንዴት ነው?" ማለት ጀመረ። አንድ ጊዜ ታመው ሱቅ ሳይከፍቱ ሰነበቱ። ሊጠይቋቸው የመጡት ሰዎች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው "እና ከእስር ቤቱ አመለጠ?" አሏቸው።

"ትኩሳቴን ዳሰስ ያደረገ የለም!" ብለው ነገሩኝ። "ባለቤቴ ሳትቀር፣ 'ፈይሳ ቢሆን ኖሮ ይሄን እንጨት ፈልጦልኝ ነበር' አለችኝ።"

የሳቁ መስሎኝ ሳቅሁ። የአራተኛውን መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ስገለብጥ ነው እንዳልሳቁ የገባኝ። እጄ ታይፑ ላይ ቆመ። ወረቀቱን ይዤ መንገድ ተሻግሬ ሄድኩ።

"ሞተ?" አልኳቸው።

"ሞተ። ዲዴሳ ውስጥ ገባ።"

"ዋና ይችላል እኮ!"

"አዞ አለ።"

"አዞ ገድሎ ያውቃል።"

"ሁለት ናቸው" አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሻማ መደርደር ጀመሩ።

መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ቀን ገበያ ነበር። ሱቋ ጢም ብላለች። አዴ ዲንቂቱ ጆንያቸው ላይ ናቸው። አቶ ወልጋ የመጨረሻውን ምዕራፍ በአማርኛ አነበቡ። አማርኛ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ክው አለ። አምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ። ቀጥሎ ኦሮምኛው መምጣት ነበረበት። አዴ ዲንቂቱ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አብርተው ጠበቁ። አቶ ወልጋ ቀና አሉ፣ ከሴትዮዋ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፣ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ደፉት።

"ማል ጄዴ?" አሉ አዴ ዲንቂቱ። ምን አለ ማለታቸው ነው።

ወደ አምሳ አለቃው ዞሩ፤ አቀረቀረ። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም አቀረቀርኩ። አቶ ወልጋን ያን ጊዜ አየኋቸው። ፈይሳ የማን ልጅ እንደሆነ ረስተውት ኖሯል። ከአራት መጽሐፍ በኋላ የራሳቸው ብቻ መስሏቸው ነበር።

በመጨረሻ የአምሳ አለቃው ሚስት ጎንበስ ብላ በጆሯቸው "ዱኤ" አለቻቸው። ሞተ።

አዴ ዲንቂቱ ባዶ የቅቤ ቅላቸውን አንሥተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። ከጉቴ የመጡ ሰዎች ለቅሶ መቀመጣቸውን ነገሩን። ጎረቤቶቻቸው "አዴ፣ ይሄ እኮ ወረቀት ነው" ቢሏቸው፣ "አውቃለሁ። ለእኔ ግን በሕይወት ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር" አሉ አሉ።

ከዚያ ወዲያ የአቶ ወልጋ ሱቅ ጭር አለች። ሰው ጨው ለመግዛት ሁለት ሱቅ አልፎ ይሄዳል። ሰንበት ብሎ ኦቦ ጉዲና የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከጉቴ መጡና ከባንኮኒው ፊት ቆመው፣ "ስለ ፈይሳ ጉማ እንነጋገራለን፤ እሑድ ይምጡ" አሉ። ጉማ ማለት ነፍስ ያጠፋ ሰው ከሟች ወገን ጋር በሽማግሌ የሚታረቅበት የደም ካሳ ነው። እኔም ተጠራሁ፤ ታይፑን የመታሁት እኔ ስለሆንኩ ተባባሪ መሆኔ ነው።

ጉቴ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ተቀመጥን። አዴ ዲንቂቱ ከሴቶቹ ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ አንድ የወንጌል አማኝ ሽማግሌ ተነሥተው ተቃወሙ።

"በሌለ ሰው ደም ማስታረቅ በእግዚአብሔር ላይ መቀለድ አይሆንም ወይ?" አሉ።

"ሰውየውማ አለ" አሉ ኦቦ ጉዲና። "ስሙ አለ፣ ጠባሳው አለ፣ እናቱም እነሆ ተቀምጠዋል። የጠፋው እግሩ ብቻ ነው።" ከዚያ ወደ አቶ ወልጋ ዞሩ። "ገድለዋል ወይስ አልገደሉም?"

"ገድያለሁ።"

"በምን?"

"በእርሳስ።"

ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "በጥይት ነው ያለው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

"ለምን ገደሉት?" አሉ ኦቦ ጉዲና።

አቶ ወልጋ እንደ ልማዳቸው የሚያስቅ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"ቀናሁበት" አሉ። "ሰው ሁሉ እሱን ሲወድ ቀናሁ። የማን ልጅ እንደሆነም ረሳሁ።"

ኦቦ ጉዲና ካሳው ስንት ከብት እንደሚሆን ሊጀምሩ ሲሉ አዴ ዲንቂቱ ከተቀመጡበት ተናገሩ።

"ከብት አልፈልግም። ከጣሉበት ያውጡልኝ።"

"አዴ፣ መጽሐፉ ታትሟል እኮ። አስመራ ሳይቀር ደርሷል" አሉ አቶ ወልጋ።

"እንግዲያ አስመራ ያሉት ሰዎችም ልጄ ሞቷል ነው የሚሉት?"

አቶ ወልጋ ከጆሯቸው ላይ እርሳሱን አወረዱና፣ መሣሪያ እንደሚያስረክብ ሰው፣ ዋንዛው ሥር መሬት ላይ አኖሩት። አዴ ዲንቂቱ ተነሥተው ሄዱ፤ እርሳሱን አነሡ፤ አፈሩን በነጠላቸው ጠርገው መልሰው ሰጧቸው።

"ያለዚህ በምን ሊያወጡት ነው?" አሉ።

ፍርዱም እንዲህ ሆነ። አቶ ወልጋ ፈይሳን ከወንዙ የሚያወጣ መጽሐፍ ይጽፋሉ። እያንዳንዱን ምዕራፍ፣ ከማንም ጆሮ በፊት፣ ጉቴ ድረስ በእግራቸው እየመጡ ለእናቱ ያነባሉ።

በሳምንት አንድ ቀን ሱቋ ትዘጋ ጀመር። አቶ ወልጋ ጥላቸውን ይዘው፣ ቡናማውን ወረቀት ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ጉቴ ይሄዳሉ። ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ የመንደሩ ውሻ ያስጨንቃቸው ነበር። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብበው ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"ምነው?" አልኳቸው።

"ፈይሳ አራት ሰው በአንድ እጁ ጣለ ብዬ ሳነብላቸው፣ 'ይሄ ልጄ አይደለም' አሉኝ። 'ታዲያ እንዴት ያለ ነው?' ብዬ ጠየቅሁ። ይገርምሻል፣ አራት መጽሐፍ ስጽፍ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም!"

ከዚያ በኋላ የሚሄዱት ለማንበብ ሳይሆን ለመስማት ሆነ። አዴ ዲንቂቱ ቅቤያቸውን እየናጡ ያወራሉ፤ አቶ ወልጋ ይጽፋሉ። ፈይሳ ውሻ ይፈራል፤ ቡችላ ሳይቀር። የተጠበሰ በቆሎ ካገኘ ሌላ ምግብ አያይም። ገላኔ የምትባል ላም ነበረቻቸው፤ እሷ የሞተች ጊዜ ጢሙ ያቀመቀመ ጎረምሳ ሆኖ እንደ ሕፃን አልቅሷል፤ ቃጭሏንም ማንም ሳያየው ከእሷ ጋር ቀብሮታል። ያወቁት እናቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም እንዳያፍር ብለው ለሰው ተናግረው አያውቁም።

በአምስተኛው መጽሐፍ ፈይሳ ከዲዴሳ የወጣው አዞዎቹን ገድሎ አልነበረም፤ የዛፍ ሥር ጨብጦ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እናቱን እየጠራ ነው። ማዶ ሲደርስ ውሻ ጮኸበትና ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ማተሚያ ቤቱ፣ "ጀግና እንዴት ውሻ ይፈራል? አንባቢ ይስቅብናል" ብሎ ጻፈ። አቶ ወልጋ፣ "ይሳቅ፤ ለመሳቅ መጀመሪያ መግዛት አለበት" ብለው መለሱ። "ከዲዴሳ ማዶ" ከአራቱም በላይ ተሸጠ። አሽከርካሪዎች ቃጭሉ የተቀበረበት ገጽ ላይ ሲደርሱ መኪና አቁመው ያነባሉ ይባል ነበር። እኔ ራሴ ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት፤ የመጀመሪያውን እንባዬ አበላሸብኝ።

ስድስተኛው ተጀምሮ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ፣ ፈይሳን አንገር ወንዝ አጠገብ ዋሻ ውስጥ የዘጉበትን ገጽ ልቀበል ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ። አንድ ቀጠን ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ትከሻው በሸክም የጎበጠ ሰው ገባ። ከረጢቱን በግራ እጁ ይዟል።

"ምን ልስጥህ?" አሉት አቶ ወልጋ።

"አቶ ወልጋ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ስለ ላሚቱ ማን ነገረዎት?"

አቶ ወልጋ የሚዛኑን ሰሃን ለቀቁት። ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ ሄዶ ከጨው ጆንያው ሥር ቆመ። ሰውዬው ቆቡን አወለቀ፤ ጠባሳው እዚያው ነበር።

አሰብ ወደብ ላይ ጭነት አውራጅ ነው። ማንበብ የሚችል አንድ ጓደኛቸው በዕረፍት ሰዓት ለወዛደሮቹ መጽሐፍ ያነብላቸዋል። ስለ ፈይሳ ሲነበብ ይሳቅበት ነበር፤ ስም ከስም ይገጥማል፣ ጠባሳ ያለበት ሰውም ሞልቷል። በአራተኛው ጊዜ፣ "ሞተሃል" ብለው ለቀልድ ለቅሶ ደርሰውታል። በአምስተኛው ግን ቃጭሉ ተነበበ።

"ያንን የሚያውቅ ሰው የለም" አለ። "ከእኔ በቀር እናቴ ብቻ ብታውቅ ነው። እናቴ ደግሞ በወረርሽኝ ሞታለች ብሎ አንድ ሹፌር ነግሮኝ፣ አልቅሼ፣ እርሜን አውጥቼ ነው የኖርኩት። ታዲያ ለእርስዎ ማን ነገረዎት?" ባንኮኒውን በግራ እጁ ያዘ። "እናቴ አለች እንዴ?"

እኚያ "ወንዙን ዘለለ" የሚለውን እስከ ጉሬዛው ድረስ የሚያራዝሙት ሰው አንዲት ቃል ብቻ ነው ያወጡት።

"ጅርቲ" አሉ። አለች።

ሱቁን ስንዘጋ ቁልፉን እኔ ነኝ የያዝኩት፤ እሳቸው ጥላቸውን ብቻ አንሥተው ወጥተው ነበር። ሦስታችን ወደ ጉቴ ሄድን። መንገድ ላይ ፈይሳ ሳይነጋገር ይፈጥናል፤ አቶ ወልጋ እያለከለኩ ይከተላሉ። አንድ አጥር ጋ ስንደርስ ውሻ ጮኸ። ፈይሳ ቱር ብሎ አቶ ወልጋ ጀርባ ገባ። አቶ ወልጋም ጥላቸውን ዘርግተው ወደ ውሻው እያወዛወዙ፣ ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ፣ "አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ" ይሉት ነበር።

አዴ ዲንቂቱ ደጃፋቸው ላይ ቅቤ ይንጡ ነበር። ልጁ ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ቀረ። እሳቸው ቀና ብለው አዩት፤ መናጡን አላቆሙም፤ እጃቸው ለብቻው ሲሄድ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቅሉን አስቀመጡ፤ ሄደው ግንባሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ከሳህ" አሉት።

እሱ እግራቸው ላይ ሲወድቅ እኔና አቶ ወልጋ ፊታችንን ወደ እርሻው መለስን። አቶ ወልጋ ስለ ጤፉ ማማር ብዙ ነገር አወሩልኝ። እርሻው ላይ የነበረው በቆሎ ነው።

ፈይሳ መምጣቱ ሲሰማ ነቀምቴ ግልብጥ ብሎ ጉቴ ሄደ። ሰው አይቶት ሲመለስ ግን ቅር ብሎታል። "ይሄ ነው እንዴ?" አለ አምሳ አለቃው። ልጆች "ዲዴሳን ዝለል" እያሉ ይከተሉታል። ከሁለት ገበያ በኋላ ራሱ ሱቅ መጣና፣ "አቶ ወልጋ፣ ውለታዎን አልረሳም፤ ግን ከእንግዲህ እኔን ይተዉኝ፤ ውሃ መቅዳት እንኳ አልቻልኩም" አለ። አቶ ወልጋም ማሉለት። የስድስተኛውን መጽሐፍ ቡናማ ወረቀት ጠቅልለው ከሰርዲኑ ኋላ ሸሸጉት። "ቤቱ የገባን ሰው ዋሻ ውስጥ ዘግቼ ማስቀመጥ ነውር ነው" አሉኝ። ማተሚያ ቤቱ ቢወተውት ቢለምን እምቢ አሉ። እኩለ ቀን ላይ ሰው ወደ ጥላው ሲጠጋ ስለ ዝናቡ ያወሩ ጀመር።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አዴ ዲንቂቱ መጡ። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ቅቤያቸውን ሸጡ፣ ገቡ፣ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ሰላምታው አለቀ። አቶ ወልጋ ስለ ልጃቸው ጠየቁ፤ ደህና ነው። ስለ ላሞቹ ጠየቁ፤ ደህና ናቸው። ሴትዮዋ ግን አይነሡም፤ መሬት መሬት እያዩ ይጠብቃሉ።

"አዴ፣ ምን ልስጥዎት?" አሉ አቶ ወልጋ።

"ንባቡን ነዋ።"

"ንባብ እኮ ቀረ። ፈይሳ መጣልዎት አይደል?"

"እሱማ ቤት ነው፤ በቆሎ እየበላ ነው" አሉ አዴ ዲንቂቱ። "ያኛው ልጄስ? ከዋሻው አልወጣም እንዴ?"

አቶ ወልጋ አዩዋቸው። እኔን አዩ። ዞረው የተደረደረውን ሻማ እንደገና ደረደሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይሳቁ ያልቅሱ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ወረቀቱን ሳያወጡ፣ አማርኛውን ትተው፣ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው በኦሮምኛ ጀመሩ። ዋሻው ጨለማ ነበር አሉ፤ ግን ከውስጥ ሆኖ ወንዙ ይሰማው ነበር።